በትልቅ ዩኒቨርሲቲ የምርምርና የአስተዳደር ሥራ ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት አስተዳደር ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታትና ከዚያም በኋላ በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሥራ ፈላጊዎች ደጋግመው የጠየቁኝ ከነመልሳቸው እነሆ።

ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥረው መምህራንን ብቻ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ አድረው፣ በልተውና ታክመው የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ የሬጅስትራር ባለሙያ፣ የግዥና የፋይናንስ ሠራተኛ፣ የኔትወርክ ባለሙያ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የመኝታ ክፍል ፕሮክተር፣ ነርስ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ የምግብ ቤት ሠራተኛና ጥበቃ ያስፈልገዋል። በምርምሩ በኩል ደግሞ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ የምርምር ረዳት፣ መረጃ ሰብሳቢ፣ ሱፐርቫይዘር፣ የመረጃ ማደራጃ ባለሙያና የፕሮጀክት አስተባባሪ ይቀጠራሉ።

እነዚህ ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ይሥሩ እንጂ የሚገቡበት በር ሦስት ነው። የመጀመሪያው የአካዳሚክ ሠራተኛ በር ሲሆን በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ የሚመራ፣ ምርጫውም ከትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ የሚጀምር ነው። ሁለተኛው በሰው ሀብት ጽሕፈት ቤት በኩል የሚከፈተው የአስተዳደርና የቴክኒክ ድጋፍ ሠራተኞች በር ነው። ሦስተኛው የፕሮጀክት በር ነው፤ ገንዘቡ ከምርምር ድጋፍ ሰጪ ይመጣል፣ ሰውን የሚፈልገውም ዋና ተመራማሪው ራሱ ነው። በእኔ ልምድ አብዛኛው አመልካች የሚወድቀው የአንዱን በር ወረቀት ይዞ ሌላውን ሲያንኳኳ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ሲያነቡ «የእኔ የትኛው በር ነው?» የሚለውን አስቀድመው ይለዩ።

ማስታወቂያው የት ይወጣል?

የቋሚ መደብ ማስታወቂያ አዲስ ዘመንን በመሳሰሉ ጋዜጦች፣ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽና የቴሌግራም ቻናል እንዲሁም በግቢው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የምዝገባው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 5፣ 7 ወይም 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ሲሆን ቆጠራው የሚጀምረው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ነው፤ እርስዎ ያዩበት ቀን አይቆጠርም። የፕሮጀክት ሥራዎች ግን ብዙ ጊዜ በትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ላይ በተለጠፈች አንዲት ወረቀት ብቻ ይነገራሉ፤ እነሱን ለማግኘት ከመረጃ መረብ ይልቅ እግር ይሻላል።

«የሥራ ቦታ» የሚለውን መስመርም ሳያነቡ አይለፉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከስድስት ኪሎና ከአራት ኪሎ ጀምሮ እስከ ልደታና ሰፈረ ሰላም የተበተኑ ሲሆኑ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ያለው ቢሾፍቱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ለሚነሣ ሰው በጠዋቱ የቃሊቲ መንገድ ስድስት ኪሎ ከመድረስ በፍጥነት መንገዱ ቢሾፍቱ መድረስ ሊቀልለት ይችላል። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚሁ በእኛው በኩል፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይገኛል።

መታወቂያዬ የሸገር ከተማ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መመዝገብ እችላለሁ?

ይችላሉ። የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥረው ከመላ አገሪቱ ስለሆነ የመኖሪያ አድራሻ መመዘኛ አይደለም። መታወቂያው ግን የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈበት፣ በላዩ የተጻፈውም ስም ከትምህርት ማስረጃው ጋር ፊደል በፊደል የተስማማ ይሁን። የአያት ስም በአንዱ «ወልደ ማርያም»፣ በሌላው «ወ/ማርያም» ተብሎ በመጻፉ ብቻ ወደ ወረዳ የተመለሱ ሰዎችን አይቻለሁ። ይህንን ከማስታወቂያው በፊት ማስተካከል ይቻላል፤ በምዝገባው ሳምንት ግን ጊዜ አይበቃም።

ለምዝገባ ምን ምን ልያዝ?

የትምህርት ማስረጃ፣ የነጥብ ዝርዝር ወይም በተለምዶ ስቱደንት ኮፒ የሚባለው፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ ሲቪ፣ መታወቂያና የማመልከቻ ደብዳቤ፤ ሁሉም ዋናው ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር። የቴክኒክና ሙያ (የደረጃ) ምሩቅ ከሆኑ ማስታወቂያው በሚጠይቀው ደረጃ የተገኘ የብቃት ማረጋገጫ፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ይጨመራል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወጥተው የወጪ መጋራት ዕዳዎን ያልከፈሉ ከሆነ በእጅዎ ያለው ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ሁላችንም «ቴምፖ» የምንለው፣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለምዝገባ ይበቃል፣ ማስታወቂያው ዋናውን ዲግሪ ብቻ የሚል መሆን አለመሆኑን ግን ይመልከቱ።

ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና ዋስ የሚጠየቁት ብዙ ጊዜ ከተመረጡ በኋላ ነው። ገንዘብ ያዥና ግምጃ ቤትን በመሳሰሉ ንብረትና ገንዘብ በሚይዙ መደቦች ላይ ዋሱ ግዴታ ይሆናል። ደመወዝተኛ ዋስ ፍለጋ ብዙ ቀን ስለሚበላ ፈቃደኛ የሆነ ሰው አስቀድመው ማነጋገር አይከፋም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለኝ፤ ለምን አይያዝልኝም?

ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ የሰማሁት ይህንን ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እመልሰዋለሁ። መዝጋቢው ደብዳቤውን ሲቀበል የሚያየው ስለ ትጋትዎ የተጻፈውን ምስጋና አይደለም። ዓይኑ የሚሄደው በመጀመሪያ ወደ ደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ ቀጥሎ ወደ ሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ቀጥሎ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ ወደሚገልጸው መስመር፣ ከዚያ ወደ ደመወዙ፣ በመጨረሻም ወደ ፈራሚው ስም፣ ኃላፊነትና ማኅተም ነው። ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይፈለጋል። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ሊያልቅ ይችላል፤ ግን አንዱ ከጎደለ ደብዳቤው በነጥብ ምዘና ላይ እንደሌለ ይቆጠራል።

እኔም በወጣትነቴ በዚሁ ተሰናክያለሁ። በአንድ የግል ድርጅት ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሠርቼ የተሰጠኝ ደብዳቤ «በድርጅታችን በታማኝነት ሲያገለግሉ ቆይተዋል» ይላል እንጂ መቼ ጀምሬ መቼ እንደለቀቅሁ አንድም ቦታ አይናገርም ነበር። መዝጋቢዋ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ሳይቀር አየችልኝና «ወንድሜ፣ ቀን የለውም» አለችኝ። ለማስተካከል ስመለስ ድርጅቱ ቢሮውን ለቆ፣ በሩ ላይ የነበረው ሰሌዳም ተነሥቶ ቆየኝ። ስለዚህ ደብዳቤውን ገና እዚያው እየሠሩ ሳሉ፣ የሚፈርመው ሰው በወንበሩ ላይ እያለ ያስጽፉት።

ሌላው ክርክር የሚነሣው ልምዱ ከየት እንደሚቆጠር ነው። ማስታወቂያው «ከምረቃ በኋላ አግባብነት ያለው ልምድ» ካለ በማታ እየተማሩ የሠሩት ዓመት አይገባም፤ «አግባብነት ያለው» የሚለውም በመደቡ ስም ሳይሆን በሥራው ይዘት ሊመዘን ይገባል። የመደብዎ መጠሪያ «ልዩ ልዩ ሠራተኛ» ሆኖ በተግባር የላቦራቶሪ ዕቃ ሲያመክኑና ናሙና ሲመዘግቡ ከቆዩ፣ የሥራ ዝርዝሩ በደብዳቤው ውስጥ እንዲገለጽ አለቃዎን ይጠይቁ።

ተመርቄአለሁ፣ የሥራ ልምዴ ግን ዜሮ ዓመት ነው። ከየት ልጀምር?

ከፕሮጀክቶች ይጀምሩ። በቋሚ መደቦች የዜሮ ዓመት ቦታ ቢኖርም የአመልካቹ ብዛት ከቦታው ጋር አይመጣጠንም። መረጃ ሰብሳቢነት ግን ለጥቂት ሳምንታት ቢሆንም ይደጋገማል፣ ውሉና የማጠናቀቂያ ደብዳቤውም ማስረጃ ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍዎን ካማከሩት መምህር ጋር ግንኙነትዎን አያቋርጡ፤ ፕሮጀክት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታወሱት በሰዓታቸው የመጡና ጽሑፋቸውን በወቅቱ ያስረከቡ ተማሪዎች ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱ በመሆናቸው፣ በዚያ ዓመትና ከዚያ ወዲህ የጨረሱ አመልካቾች ፈተናውን ያለፉበትን ውጤት ከማስረጃዎቻቸው ጋር ቢያያይዙ መመላለስ ይቀንሳል።

የምርምር ረዳትና መረጃ ሰብሳቢ በተግባር ምን ይሠራል?

ስሙ ከሚያስመስለው በላይ የእግር ሥራ ነው። ለምሳሌ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቤተሰብ ጥናት ይካሄዳል እንበል። ረዳቱ ከዩኒቨርሲቲው የተጻፈውን የትብብር ደብዳቤ ይዞ ወደ ወረዳው ይሄዳል፣ ከብሎክ ኮሚቴ ጋር ይተዋወቃል፣ ከዚያም በናሙና የወጡትን ቤቶች ቁጥር በታብሌቱ ይዞ ደረጃ ይወጣል። አራተኛ ፎቅ የደረሰበት በር ዝግ ነው፤ ነዋሪው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ጎረቤቱን አንኳኩቶ ይሞላል። የሠለጠነው ግን «በሰዓቱ አልተገኘም» ብሎ መዝግቦ በማታ ወይም በእሑድ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ቤት የሚገኘውን ብቻ ከጠየቅን ጥናቱ ስለ ሥራ አጦችና ስለ ጡረተኞች ይሆንና ስለ ሰፈሩ መሆኑ ይቀራል። በቃለ መጠይቅ ጊዜ «በር ዝግ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የማይቀረውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ መልስ ሰጪው ስለ ጥናቱ ተነግሮት ፈቃዱን መስጠቱን ማረጋገጥ፣ ስሙን ከመልሱ ለይቶ ማስቀመጥ፣ በየምሽቱ መረጃውን መላክ የእርሱ ኃላፊነት ነው። ሰውን የሚመለከት ምርምር በተቋሙ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ሳይጸድቅ ወደ ሥራ ስለማይገባ ረዳቱ የጸደቀውን ሰነድ ቅጂ በቦርሳው መያዝ ይኖርበታል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚደረግ ጥናት አፋን ኦሮሞ መናገር ትልቅ ብልጫ ነው፤ በሲቪዎ ላይ በግልጽ ይጻፉት።

መስክ ላይ ማየት የሚችል ዓይን የሚያስገኘው ውጤት ስንት እንደሆነ ለማወቅ የእንዶድን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ዛሬ በስማቸው የተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሥራች ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የደረሱበት አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው ነው።

ፈተናው ምን ይመስላል?

እንደ በሩ ይለያያል። ለአስተዳደር መደቦች የጽሑፍ ፈተና ይቀድማል፣ እንደ ሥራው ጠባይም የተግባር ፈተና ይከተላል፤ ለጸሐፊ ትየባ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ሰንጠረዥ መሥራት፣ ለኤሌክትሪሺያን መስመር መዘርጋት። ለአካዳሚክ መደብ ከቃለ መጠይቁ ሌላ በኮሚቴው ፊት ትምህርት ማቅረብ የተለመደ ነው። ለላቦራቶሪ ቴክኒሺያን የሚቀርበው ጥያቄ ከመጽሐፍ ይልቅ ከክፍሉ ውስጥ የሚነሣ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ናሙና ምን ይደረጋል፣ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ወዴት ይወገዳል የሚል።

«ደመወዝ በተቋሙ ስኬል መሠረት» ይላል። በእጄ ስንት ይደርሰኛል?

የአስተዳደር መደቦች በሥራ ምዘና ደረጃ ወጥቶላቸዋል፤ ደመወዙም ከደረጃው ጋር የታሰረ ስለሆነ በቃለ መጠይቅ ላይ መደራደር የለም። ደረጃውን ካወቁ መነሻውን ከሰው ሀብት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። በፕሮጀክት ሥራ ግን ድርድር አለ፤ ክፍያው በወር፣ በቀን ወይም በተሞላ መጠይቅ ብዛት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ዓይነት የትራንስፖርትና የስልክ ወጪን ማን እንደሚሸፍን ሳይጠይቁ አይፈረምም።

ከጠቅላላ ደመወዝ ወደ ተጣራው ለመድረስ ሁለት ዋና ተቀናሾች አሉ። አንዱ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። ሁለተኛው በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የሚታሰበው የሥራ ግብር ሲሆን የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሆኖ ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 እስከ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ለምሳሌ ጠቅላላ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ግብሩ 2,250፣ ጡረታው 840 ብር ሆኖ በእጁ የሚገባው 8,910 ብር ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ሰው ከዚህም ላይ ይቀነስበታል።

ቋሚ ይሻላል ወይስ የፕሮጀክት ኮንትራት?

ብዙዎች ቋሚውን ያለ ጥያቄ ይመርጣሉ፤ እኔ እንደ ዕድሜና እንደ ሁኔታ ይለያያል እላለሁ። ቋሚው የዓመት ፈቃድ፣ ጡረታ፣ የደረጃ ዕድገትና የትምህርት ዕድል አለው፤ በከተማችን ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ የሠራተኞች ሰርቪስ ወይም የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ቀላል ጥቅም አይደለም። የፕሮጀክቱ ወርኃዊ ክፍያ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ግን ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት ለሚያስብ ወጣት ሁለት ዓመት በጥሩ ፕሮጀክት መቆየት ከአምስት ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራ የበለጠ በር ሊከፍትለት ይችላል። ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህንን ምክር አልሰጥም።

ከመፈረምዎ በፊት በኮንትራቱ ላይ አራት ነገር ይፈልጉ፦ የሚያበቃበት ቀን፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ጡረታ መኖር አለመኖሩ፣ በመስክ ላይ አደጋ ቢደርስ ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን።

ከፕሮጀክት ወደ ቋሚ መደብ መዛወር ይቻላል?

በቀጥታ አይቻልም። ቋሚ መደብ በጀት የተያዘለትና በውድድር የሚሞላ ስለሆነ ዋና ተመራማሪው «ቋሚ አደርግሃለሁ» ቢልም ሥልጣኑ የለውም፤ ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳይሆን አሠራሩ አይፈቅድለትም። የሚቻለው የፕሮጀክት አገልግሎትዎን በደብዳቤ አስይዘው ማስታወቂያ ሲወጣ መወዳደር ነው። ደብዳቤውን ተመራማሪው በግሉ ፈርሞ ቢሰጥዎ ብዙ አይረዳም፤ በኮሌጁ ወይም በምርምር ጽሕፈት ቤቱ ቁጥር ወጥቶለት ማኅተም ያረፈበት ይሁን።

ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ሲሆን ቅጥሩ ይለወጣል?

ይለወጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ለእንዲህ ያለ ተቋም የአካዳሚክ፣ የአስተዳደርና የፋይናንስ ነፃነት ስለሚሰጠው የሠራተኛ አስተዳደር ደንቡንና የክፍያ ሥርዓቱን በራሱ ይወስናል። ለአመልካች ትርጉሙ ይህ ነው፦ ጓደኛዎ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተቀጠረበት መመዘኛ፣ የሙከራ ጊዜና ጥቅማ ጥቅም እዚህ አይሠራ ይሆናል። የራሱን የተቋሙን መመሪያ ይጠይቁ።

አንድ ሰው «ቦታው በእጄ ነው» ብሎ ገንዘብ ጠየቀኝ። ምን ላድርግ?

አይክፈሉ። ለሥራ ምዝገባ ክፍያ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ አላየሁም፤ በግል የስልክ ቁጥር ወይም በግል የባንክ ሒሳብ ገንዘብ የሚሰበስብ «ቻናል» ደግሞ ተቋም አይደለም። ዝምድናና ትውውቅ በቅጥር ውስጥ የሉም ብዬ አልዋሽም። ሆኖም ደላላው የሚሸጥልዎ ብዙ ጊዜ ያንኑ ትውውቅ እንኳ አይደለም፤ ከአሥር ሰው ይቀበልና አንዱ በራሱ ችሎታ ሲያልፍ «የእኔ ሥራ ነው» ይላል። በሐሰተኛ ማስረጃ መቀጠር የሚያስከትለው ከሥራ መባረርን ብቻ ሳይሆን የወንጀል ክስንም ነው፤ የማስረጃ ማጣራት ከተቀጠሩ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ያለዎት ከሆነ የአቻ ግመታውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስቀድመው ያግኙ።

ውጤቴ አላሳመነኝም። ቅሬታ ባቀርብ ለወደፊቱ አይጎዳኝም?

ቅሬታ ማቅረብ መብት ነው፤ በትሕትናና በጽሑፍ የቀረበ ቅሬታ ደግሞ ሰውን ሲጎዳ አላየሁም። «ተበድያለሁና ይታይልኝ» ከማለት ይልቅ የትኛው ነጥብ እንደተጓደለ ለይተው ይጻፉ፦ ለምሳሌ የሦስት ዓመት ልምድ አቅርቤ የተያዘልኝ የሁለት ነው ብለው። መጀመሪያ ወደ ሰው ሀብት ጽሕፈት ቤቱ፣ ከዚያ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ያቅርቡ። ጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ ውጤቱ በተለጠፈ ማግሥት ቢሄዱ ይሻላል። እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላይ ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ የሚያገኙበት ድንጋጌ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ውስጥ ስላለ፣ ተፈጻሚ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ተመርጫለሁ፤ አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ግን መልቀቂያ አልሰጥም አለኝ።

ዩኒቨርሲቲው ከነባር መሥሪያ ቤትዎ ክሊራንስ፣ ማለትም የመልቀቂያ ማስረጃ፣ ካላመጡ የቅጥር ደብዳቤ ላይሰጥዎ ይችላል፤ የተሰጠዎ ቀን ካለፈ ደግሞ ተጠባባቂው ይጠራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ ሥራውን ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ አሠሪው ጊዜውን ሊያስጨርስዎ ይችላል እንጂ መልቀቅዎን ሊከለክል አይችልም። ስለዚህ መመረጥዎን ባወቁበት ቀን የመልቀቂያ ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ይጻፉና ወደ መዝገብ ቤት ይውሰዱ። ለአለቃዎ በእጅ ሰጥተው አይመለሱ። አንዱን ቅጂ ያስገቡ፣ በእጅዎ በሚቀረው ላይ «ገቢ» የሚለው ማኅተም፣ ቁጥሩና ቀኑ እንዲያርፍበት ያድርጉ፤ ይህንን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው አሳይተው ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ ይጠይቁ።